ሦስተኛ የወጣ የት ይሄዳል?

ኪልቤራ፣ ጁን 11 ቀን 2006

ለተከበሩ የአባቴ አክስት፣ ለሲስተር አትራክታ
ሞንጉ፣ ዛምቢያ

ቅድስት ብሪጅድ በካባዋ ሸፍና ትጠብቅዎ እያልኩ ጤናዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ቆመው እያነበቡ ከሆነ ይቀመጡ። ተቀምጠው ከሆነም የሚደገፉት ነገር ይፈልጉ። በሰበካችን ላይ ከባድ ነገር ደርሷል። አባዬ ራቱን አልበላም። ልኳንዳ ቤት ያለው አሠልጣኛችን ጃርላት ሐሙስ ዕለት ሱቁን ቀን በቀን ዘግቶ፣ የገዛ ውሻውን ስም ረስቶ «አንተ፣ አንተ» እያለ ሲጠራው ተሰምቷል። ቄሱም ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲያነቡ ድምፃቸው ተቆረጠ። ሳል ነው ያሉ አሉ፤ እኔ ግን አላምንም።

የሞተ ሰው የለም። የካውንቲው የእግር ኳስ ዋንጫ ዕጣ ወጣና ከጎረቤት ባላንጣችን ከድረምጋር ጋር አንድ ምድብ ተደለደልን።

ባለፈው ደብዳቤዎ «ደግሞ ምድብ የምትሉት ምንድን ነው? በእኛ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር» ብለው ነበር። ልክ ነዎት፤ በእርስዎ ጊዜ አንድ ሽንፈት ይበቃ ነበር፤ የቀሩትን እሑዶች ድንች ሲለቅሙ ያሳልፋሉ። አሁን ግን ለደካሞች ታዝኗል። በዋናው ዲቪዚዮን አሥራ ስድስት ክለብ አለ። አራት አራት እየሆኑ በአራት ምድብ ይከፈላሉ። በምድቡ ውስጥ ሁሉም ከሁሉም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይገናኛል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሦስት ጨዋታ ይደርሰዋል። (ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢያስተምሩኝ ኖሮ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ትቼ ልስን ለሳኝ ባልሆንኩ።) ላሸነፈ ሁለት ነጥብ፣ እኩል ለወጣ አንድ ነጥብ ይሰጣል። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሩብ ፍጻሜ ይገባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያው እርስዎ የሚያውቁት ነው፤ የተሸነፈ ተሰናባች። አራተኛ የወጣው ደግሞ ከሌላ ምድብ አራተኛ ጋር ላለመውረድ ይጋጠማል። እዚያ ቢሸነፍ አንድ ዕድል ይጨመርለታል፤ እሷንም ካበላሸ ወደ መካከለኛው ዲቪዚዮን ይወርድና የመካከለኛው አሸናፊ ቦታውን ይወስዳል። ዋንጫውን ያገኘ ክለብ ከሌሎች ካውንቲዎች አሸናፊዎች ጋር ለመጋጠም ይሄዳል። ስለሱ አላብራራልዎትም፤ ኪልቤራ ውስጥ ደርሶ ያየው የለም።

መቼ ብመጣ ይሻላል ላሉኝ፦ የምድቡ ጨዋታዎች በጁላይና በኦገስት ያልቃሉ። ሩብ ፍጻሜው እሑድ ሴፕቴምበር 24 ነው። ለሩብ ፍጻሜው ይምጡ። ሩብ ፍጻሜ ኪሳችን ውስጥ ነው። ዘንድሮ አሥራ አምስት ቁጥር ለብሼ ጥግ ላይ የምጫወተው ማን ሆነና!

ታዛዥ ልጅዎ (አባዬን አይጠይቁ)
ፊያክራ መልቪ


ሞንጉ፣ ጁላይ 4 ቀን 2006

ለልጃችን ለፊያክራ

የእግዚአብሔር ሰላም ለቤቱ ሁሉ ይሁን፤ ለአባትህ ለዩጂን፣ ለእናትህ፣ ለጃርላት፣ ስሙ ለጠፋውም ውሻ። ደብዳቤህ በሃያ ሁለት ቀኑ ደረሰኝ። ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ አልወደቅኩም።

በየአምስት ዓመቱ አገሬን እንዳይ ይፈቀድልኛል። እስከ ዛሬ ቀኑን የሚቆርጡልኝ ሌሎች ነበሩ፤ ወይ ለገና ወይ ለፋሲካ ይሆናል፣ ሜዳው ላይ ከቁራ በቀር የሚጫወት የለም። ክለባችንን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አባትህ ስምንት ዓመቱ ሳለ ነው። ዘንድሮ አለቃችን ጠርታኝ «ቀኑን አንቺው ምረጪ» አለችኝ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የመጨረሻው መሆኑን በጣም በለሰለሰ አንደበት ነገረችኝ። ልስላሴዋ አናደደኝ።

ስለዚህ በአንተ ቃል መረጥኩ። ሴፕቴምበር 18 ደብሊን እገባለሁ፣ ኦክቶበር 6 እመለሳለሁ። ቲኬቱ ተቆርጧል፤ አይለወጥም። በሃምሳ ሁለት ዓመት ምንኩስና እኔው ራሴ የመረጥኩት ቀን ይህ ብቻ ነው።

ቲኬቱን ከቆረጥኩ በኋላ ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። አንደኛና ሁለተኛ የት እንደሚሄዱ ጽፈሃል። አራተኛም የት እንደሚሄድ ጽፈሃል። ሦስተኛ የወጣ የት ይሄዳል?

መልስህን እጠብቃለሁ። ስልክ እንዳትደውሉ፤ እዚህ ቤት ስልክ የሚጮኸው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፣ እህቶቹን ታስደነግጣላችሁ።

አትራክታ


ኪልቤራ፣ ኦገስት 14 ቀን 2006

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምታዬ ከወትሮው በእጥፍ ይድረስዎ፤ ያስፈልገኛል። መልሴ የዘገየው ፖስታ ቤቱ ተቃጥሎ ነው።

አልተቃጠለም።

በመጀመሪያው ጨዋታ የከተማው ቡድን በአሥራ አራት ነጥብ ልዩነት አሸነፈን። (በአገራችን እግር ኳስ የነጥብ ቆጠራው እርስዎ እንደሚያውቁት ነው፤ ከአግዳሚው በላይ ላለፈች ኳስ አንድ ነጥብ፣ ከሥሩ ለገባች ጎል ሦስት።) ፀሐይዋ ዓይናችን ውስጥ ነበረች፤ ከዕረፍት በኋላ ጎል ስንለዋወጥ አብራን ዞረች። በሁለተኛው ባሊሾ በሁለት ነጥብ ረታን። ያኛው እንኳ ጨዋታ ነበር። እንግዲህ አንደኛና ሁለተኛ መሆን ቀርቷል። ሩብ ፍጻሜውን ኪሴ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ሦስተኛ የወጣ የት ይሄዳል ብለው ነበር። የትም አይሄድም፣ አክስቴ። አይወጣም፣ አይወርድም። ጫማውን አጥቦ እስከሚቀጥለው ጸደይ ይሰቅላል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍ አውቀው ነበር፤ ሦስተኛ እንሆናለን ብሎ ማን አሰበ?

አሁን የቀረን አንድ ጨዋታ ነው፤ ኦገስት 27፣ ከድረምጋር ጋር። እነሱም ሁለቱንም ተሸንፈዋል። ካሸነፍን ሦስተኛ ነን፤ ሰበካው ይድናል፣ እርስዎ ግን ባዶ ሜዳ ያያሉ። ከተሸነፍን አራተኛ ነን፤ ሴፕቴምበር 24 ላለመውረድ እንጫወታለን፣ እርስዎም ጨዋታ ያያሉ። እኩል ብንወጣም አራተኛ ነን፤ ያች አሥራ አራት ነጥብ የነጥብ ክፍያችንን በልታዋለች። ለእርስዎ ሁለት መንገድ አለ፤ ለሰበካው አንድ።

ጃርላት ማክሰኞ ልምምድ ላይ ሰበሰበን።

«ስሙ!» አለ። «ዘንድሮ ሦስተኛ ለመውጣት ነው የምንሞተው!»

«ዋንጫውስ?» አልኩት።

«አንተ አፍህን ዘግተህ ሩጥ።»

ማታ ለአባዬ ነገርኩት። «ብንሸነፍ አክስትህ ጨዋታ ያያሉ» አልኩት።

«ብንወርድስ?»

«ሁለት ዕድል እኮ አለ።»

«አርባ ስምንት ዓመት ሳንወርድ ኖረን በእኔ ልጅ እግር ልንወርድ?» አለና ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር። ቆይቶ «ቲኬቱ አይለወጥም ወይ?» አለ።

«አይለወጥም።»

«ምስኪን» አለ። እርስዎን ይሁን ድረምጋርን አልጠየቅኩትም።

ምን ላድርግ? ያሉኝን አደርጋለሁ። ደብዳቤው ደርሶ መልስዎ እስኪመጣ ጨዋታው እንደሚያልቅ አውቃለሁ። የጠየቅኩዎትም ለዚሁ ነው።

ፊያክራ


ኪልቤራ፣ ኦገስት 28 ቀን 2006

ለተከበሩ አክስቴ

መንገድዎን ሁሉ መልአክ ይምራልዎ። ቀኑን ቆጠርኩ፤ ይህ ደብዳቤ ሞንጉ የሚደርሰው እርስዎ ከዚያ ከወጡ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳልቀልድ ልጽፈው እችላለሁ።

ጨዋታው ዝናብ ውስጥ ነበር። ጨዋታ ካሉት ነው፤ ሠላሳ ሰው አንድ ሳሙና ሲያሳድድ ማለት ነው። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው እኩል ነበርን። እኩል ማለት አራተኛ ማለት ነው። ከጎሉ ፊት ለፊት ወደ ሃያ አምስት ሜትር ላይ ጎተቱኝና ዳኛው ቅጣት ምት ሰጠ። መቺያችን ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወጥቷል። ጃርላት ከሜዳው ዳር ጣቱን ቀሰረ፤ ወደ እኔ።

ኳሷን አስቀመጥኩ። የድረምጋሩ ተከላካይ ጆሮዬ ሥር መጣ።

«ልስን ለሳኙ! ቀዳዳ ስታይ መድፈን እንጂ ማሳለፍ የት ታውቃለህ?»

ከኋላ ደግሞ የእኛ ሰዎች፤ «ፊያክራ፣ የእናትህ አምላክ!» ይላሉ። እናቴ እዚያው ነበረች፤ ዓይኗን በእጇ ሸፍናለች።

ቅዳሜን ሙሉ ሳስብበት ነው የዋልኩት። ትንሽ ወደ ግራ ባወጣት ማን ያውቅብኛል? በዝናብ፣ በእርጥብ ኳስ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ማን ይፈርዳል? አክስቴ ትመጣለች፣ ጨዋታ ታያለች፣ ሴፕቴምበር 24 ደግሞ አሸንፈን እንተርፋለን፤ ሁሉም ይደሰታል ብዬ ነበር። ኳሷን ሳስቀምጥም ይኼው ሐሳብ ነበረኝ።

እግሬን ወደ ኋላ ስስብ ግን እርስዎ ከጭንቅላቴ ወጡ። ይኼው ነው እውነቱ። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ በመሐል በኩል እስክታልፍ ድረስ አክስት አልነበረኝም። ነጥብ ናት ብሎ ነጩ ባንዲራ ሲወዛወዝ ትዝ አሉኝ፤ ያኔ ሰው ሁሉ ላዬ ላይ ወጥቶ ነበር።

መስቀለኛው መንገድ ላይ እሳት አነደዱ፤ ልክ ዋንጫ እንደወሰደ ሰው። የጃርላትን ትራክተር ማሊያ አለበሱት። አንድ መንገደኛ መኪናውን አቁሞ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ዋንጫ ወሰዳችሁ?»

«ኧረ ሦስተኛ ወጣን!» አልነው።

«ከስንት?»

«ከአራት።»

መስኮቱን ዘግቶ ሄደ።

ይቅርታ።

ፊያክራ


ሞንጉ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2006

ለልጃችን ለፊያክራ

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ፣ ለአንተም ልብ ይስጥህ። የኦገስት 14 ጥያቄህ ዛሬ ገባ፤ ጨዋታው ካለቀ ከስምንት ቀን በኋላ። አስበህ ያደረግከው እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም እኔ ከደረስኩ በኋላ የሚደርስ መልስ እጽፍልሃለሁ። እናንተ ጋ ስንተኛ እንደወጣችሁ አላውቅም።

በጊዜው ብትጠይቀኝ ኖሮ አሸንፍ እልህ ነበር። ለእንግዳ ብሎ የሚሸነፍ ቡድን ማሊያውን ያውልቅ፤ አባቴም ቢሆን ከመቃብር ተነስቶ ይመታሃል።

ይህን ካልኩ በኋላ ጸሎት ቤት ገብቼ እንድትሸነፉ እለምን ነበር። ለምኛለሁም። ዛሬውኑ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ቢሆን፣ ሦስት ጊዜ። ለሩዝና ለመድኃኒት ከሚለምኑ ሰዎች አጠገብ ተንበርክኬ ኪልቤራ ይሸነፍ ብያለሁ። ንስሐ አባቴ የጀርመን ሰው ናቸው፤ ብነግራቸውም አይገባቸውም።

ይህን ፊት ለፊት አልነግርህም። አንተም እንዳታነሳብኝ።

አትራክታ


ኪልቤራ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 2006

ለተከበሩ ሲስተር አትራክታ

ከከባድ ሰላምታ ጋር፦ የኪልቤራ ክለብ ኮሚቴ (ማለትም እኔ፤ ሌሎቹ ሻይ ላይ ናቸው) በእርስዎ ላይ ከዚህ በታች የተዘረዘረውን ክስ መሥርቷል። አብረውን ስለነበሩ ታሪኩን ያውቁታል፤ ነገር ግን ተከሳሽ ክሱን መስማት አለበት።

በመጀመሪያ። ሴፕቴምበር 18 ደብሊን አውሮፕላን ማረፊያ «እንኳን ደህና መጡ» እስክንልዎት ሳይጠብቁ «ስንተኛ?» አሉ። አባዬ «ሦስተኛ» አለ። «ጎበዞች» አሉና ከዚያ እስከ ኪልቤራ ስለ ዝናብ አወሩ። መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሙሉ ስለ ዝናብ። እኔ ከኋላ ወንበር ነበርኩ፤ የአንገትዎን ጀርባ ሳይ መጣሁ። በመንገድ ላይ አባዬ አሳዝነውት «እሑድ ድረምጋር ላለመውረድ ይጫወታል፤ ልውሰድዎት?» ቢልዎ «የሰው ቀብር ለማየት ከዛምቢያ ድረስ አልመጣሁም» ብለው መለሱለት።

ሁለተኛ። ቅዳሜ ዕለት አባዬ የእግር ኳስ ጫማውን ሲፈልግ አገኙት።

«ጫማው ለምንድን ነው፣ ዩጂን?»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሦስተኛው ቡድን ከድረምጋር ሦስተኛው ቡድን ጋር አለበት። በጁላይ ድርቆሽ ስንሰበስብ ስለነበርን ተላልፎ ነው።»

«ጨዋታ ነው?»

«ኧረ ጨዋታም አይባል፣ አክስቴ። ጁኒየር ሲ ነው።»

«አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት?»

«አሥራ ሦስት ለአሥራ አራት። ሰው ከተገኘ።»

«ኳስ አለ?»

«ኳስማ አለ።»

«ታዲያ አራት ወር ሙሉ ይህ ልጅ ምን ሲጽፍልኝ ነበር?»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዋናው በታች መካከለኛው አለ፣ ከሱ በታች ጁኒየር ኤ፣ ቢ፣ ሲ። ሲ ማለት ጉልበቱ ያለቀበትና ሆዱ የጀመረው ሰው የሚጫወትበት ነው፤ ከዚያ በታች ሣሩ ብቻ ነው ያለው። እኔ ለዋናው ስለተሰለፍኩ ሕጉ ወደዚያ እንድወርድ አይፈቅድልኝም። ግን ስጽፍልዎ የረሳሁት በሕጉ አይደለም። ኪልቤራ ውስጥ እሱን ጨዋታ ብሎ የሚጠራ ስለሌለ ነው። አባዬም እዚያው እየተጫወተ አልጠራውም።

ሦስተኛ፣ ዋናው ክስ። እሑድ በኋለኛው ሜዳ ላይ የተገኘው ተመልካች አሥራ አንድ ሰውና የጃርላት ውሻ ነበር። ዳኛው ብቻውን መጣ። የጎል ዳኛ ስለሌለ «ዓይን ያለው ሰው አለ?» ብሎ ጮኸ። ማንም ሳይለምንዎት ነጩን ካፖርት ተቀብለው ከጥቁሩ ልብስዎ በላይ ደረቡት፤ ሁለቱን ባንዲራዎች ይዘው ከቋሚው ሥር ቆሙ። በሌላው ቋሚ የድረምጋሩ ሽማግሌ። ወንበር አመጣሁልዎ፤ አልተቀመጡም። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝናብ ላይ ቆመው፣ ለእያንዳንዷ ኳስ ጎንበስ ቀና እያሉ፤ እናቴ ፊትዎን አይታ «እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም» አለች።

ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ እየተመራን አባዬ ኳስ አገኘ። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ አንዲት ነጥብ አላገባም። ዞረና መታ። ኳሷ ቋሚው አናት ላይ ሄደች። የድረምጋሩ ሽማግሌ፣ የጠላት ሰው፣ እጁን ወደ ነጩ ባንዲራ ሰደደ! እርስዎ ግን ሁለት ክንድዎን ከራስዎ በላይ አጣመሩት። ወጥታለች።

«እኔስ ያለፈች መስሎኝ ነበር» አለ ሽማግሌው።

«አንተ መነጽርህን ጥረግ።»

«እንግዲህ እሳቸው ካሉ» ብሎ እጁን ሰበሰበ።

«አክስቴ!» አለ አባዬ።

«ወጥታለች፣ ዩጂን።»

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«አንተንም አየሁ፣ ኳሷንም አየሁ።»

በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። አባዬ ለሦስት ቀን ከእርስዎ ጋር ስለ ዝናብ እንኳ አላወራም። ሲሸኝዎም እስከ መግቢያው በር ሻንጣውን ከጎተተ በኋላ «በምን ያህል ወጣች?» አለ። «በኳሷ ግማሽ» አሉት። ሳመዎት። ስንመለስ መኪና ውስጥ «ዓይኗ አሁንም እንደ ጭልፊት ነው» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም፤ የሚወራው ስለ እርስዎ ነው።

የሴፕቴምበር 4 ደብዳቤዎ እርስዎ ወጥ ቤት ተቀምጠው ሳለ መጣ። ፖስተኛው ለእኔ ሰጠኝ። መጋዘን ገብቼ አነበብኩት። አንድም ቃል አላነሳሁብዎትም፤ አሁንም አላነሳሁም።

ኮሚቴው ክሱን መርምሮ ያገኘው ይህን ነው፦ ሁለቱም ቡድኖች ከጁላይ ጀምሮ ከውድድሩ ወጥተዋል። ነጥቧ ብትቆጠር ኖሮ እኩል እንወጣ ነበር፤ እኩል ብንወጣ ደግሞ የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ከጁኒየር ሲ ወደ የት ይወረዳል? ጋዜጣውም ውጤቱን አላወጣውም። ዳኛው ራሱ መዝገቡ ላይ የጻፈውን ዝናብ አጥቦበታል። በአጭሩ፣ አክስቴ፣ ትንሽ ነገር ናት፤ ለዚህች ስድስት ደብዳቤ መጻጻፋችን ራሱ ያሳፍራል።

እኔም ከጎሉ ኋላ ነበርኩ። ወጥታለች። ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ።

ፊያክራ